ቅዱስ ያሬድ፦ ትምህርት የከበደው ብላቴና



ግንቦት 11 ቀን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ አባቷን የቅዱስ ያሬድን መታሰቢያ የምታከብርበት ዕለት ነው። ዕለቱ በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከበዓለ ኀምሳ ውጭ አይውልም። ትንሣኤ ቢፈጥን መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ቀን ስለሚውል፣ ግንቦት 11 ቀን ዘወትር የትንሣኤው ደስታ ባላለፈበት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ሰሞን ይገኛል። ይሁን እንጂ ይኸው የደስታ ሰሞን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የጭንቀት ወራትም ነው። የዓመቱ ትምህርት ወደ ማለቁ ተቃርቦ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና የሚሰናዱበት፣ ወላጆችም ስለ ልጆቻቸው መጪ ሕይወት በየማዕዱ የሚነጋገሩበት ወቅት ነውና።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዓለም ባንክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ነው ይባላል። ቀራንዮ የሚለው የክፍለ ከተማው ስም ደግሞ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደ ተተከለ የሚነገርለትን የቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሳል። እንግዲህ በአንድ አድራሻ ላይ የገንዘብ ተቋም ስምና የጌታ መስቀል የተተከለበት ቦታ ስም ጎን ለጎን ሰፍረው ይገኛሉ። የሰፈሩ ነዋሪ ልጆቹን የሚያሳድገውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በአንድ በኩል የኑሮ ውድነቱ፣ የቤት ኪራዩና የነገ እንጀራ ሐሳብ ልጁ ደህና ደመወዝ የሚያስገኝ ሙያ እንዲመርጥ ያስገድዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ቤተሰቡ ሲጨነቅ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌሊት በመብራት ሥር የሚያጠና ተማሪ ከደጁ የማኅሌት ድምፅ ሲሰማ፣ ያ የሚሰማው ዜማ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት፣ ተገርፎ ከአጎቱ ቤት የሸሸ የአንድ ብላቴና ፍሬ መሆኑን ምናልባት ልብ አይለው ይሆናል።

የዚህን ብላቴና ሕይወት በዕለተ በዓሉ መለስ ብሎ መመልከት ስለዚህ ጠቃሚ ነው።

አባት አልባው ልጅ በመምህሩ ቤት

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ነው። አባቱ አብድዩ፣ እናቱም ታውክልያ ይባሉ ነበር። አክሱም በዚያን ዘመን የገናና መንግሥት መናገሻ ነበረች። በብላቴንነቱ ዘመን በዙፋኗ ላይ የተቀመጡት ዐፄ ካሌብ ነበሩ። እኚህ ንጉሥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በናግራን መከራ ለደረሰባቸው ክርስቲያኖች የደረሱ መሆናቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ዘጠኙ ቅዱሳን የሚባሉት አባቶችም ገዳማትን እየመሠረቱ፣ መጻሕፍትን እየተረጐሙ ያስተምሩ የነበረው በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለች ከተማ የተወለደ ልጅ ከፊቱ ሰፊ መንገድ ይጠብቀው ነበር።

ነገር ግን ያሬድ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ አረፈ። እናቱም ብቻዋን ልታሳድገው ስለ ተቸገረች በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን መምህር ለነበሩት ለአጎቱ ለጌዴዎን ሰጠችው። የእናቲቱ አሳብ ግልጽ ነው። አባት የሌለው ልጅ በትምህርት ካልቆመ በምን ይቆማል? የመምህር ዘመድ እያለውስ ለምን ያልተማረ ሆኖ ይቀራል? ይህ አሳብ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላም በየሰፈሩ፣ ባል የሞተባት ወይም ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት ሁሉ የምታስበው አሳብ ነው።

መምህር ጌዴዎን የእኅት ወይም የወንድም ልጅ አሳዳጊ ብቻ አልነበሩም። በታላቂቱ ደብር የሚያስተምሩ፣ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያሏቸው ሊቅ ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የገዛ ዘመዳቸው ወደ ኋላ ሲቀር ምን ያህል እንደሚያሳፍራቸው መገመት አያዳግትም። ያሬድም በእውነት ወደ ኋላ ቀረ። በዚያን ዘመን የትምህርት መጀመሪያ ንባብና የዳዊት መዝሙር ነበረ። የተነበበውን በቃል መያዝ ደግሞ የተማሪው ዋና ግዳጅ ነው። ያሬድ ግን የተነገረውን አይዝም፤ የያዘውንም ይረሳ ነበር። ባልንጀሮቹ አልፈውት ሲሄዱ እርሱ በዚያው በጀመረበት ገጽ ላይ ቆመ። ተማሪዎቹ ይዘባበቱበት፣ መምህሩም ይገሥጹትና ይገርፉት ጀመር።

የአጎቱ ግርፋት ከጥላቻ የመነጨ እንዳልነበረ ጥርጥር የለውም። ትውፊቱም ጌዴዎንን ክፉ ሰው አድርጎ አያቀርባቸውም። ልጁን የሚወዱ፣ ሞገሱንም የሚመኙ ነበሩ። ነገር ግን ፍቅራቸው ለልጁ የደረሰው በበትር በኩል በመሆኑ፣ ያሬድ ያየው በትሩን እንጂ ፍቅሩን አልነበረም። በዘመናችንም ልጁን የሚያስጨንቀው ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ልጁን አጥብቆ የሚወደው ወላጅ ነው። ለአጋዥ ትምህርት የሚከፍለው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ነው። ይህንኑ ድካሙን ግን በየቀኑ ለልጁ ሲያስታውሰው፣ ድካሙ ለልጁ ስንቅ መሆኑ ይቀርና ዕዳ ይሆንበታል።

በማይ ኪራሕ ዛፍ ሥር

ያሬድ ግርፋቱና ነቀፋው በበዛበት ጊዜ ጥሎ ሸሸ። አክሱምን ለቆ ወደ ዘመዶቹ አገር ሲሄድ ፀሐይ ስለ ከበደችው ማይ ኪራሕ በተባለ ምንጭ ባለበት ሥፍራ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም ብቻውን ተቀምጦ ስለ ዕድሉ እያለቀሰ ሳለ አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ከግንዱ ላይ ስትወጣ ተመለከተ። ትሏ ጥቂት ወጥታ ወደቀች። ዳግመኛም ወጥታ ወደቀች። እንዲህ ስድስት ጊዜ ያህል እየወጣች ከወደቀች በኋላ በሰባተኛው ከላይ ደርሳ ፍሬውን በላች። ብላቴናውም ይህን አይቶ ልቡ ተነካ። ይህች ደካማ ፍጥረት ስለ ምግቧ ይህን ያህል ከታገሠች እርሱ ስለ ምን እንደማይታገሥ ራሱን ጠየቀ። ተነሥቶም ወደ አጎቱ ቤት ተመለሰ።

ይህ ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤትም፣ በመደበኛ ትምህርት ቤትም፣ በቤትም ለልጆች የሚነገር በመሆኑ የማያውቀው የለም። በአብዛኛው የሚነገረውም ተማሪ ወድቆ እንዳይቀር፣ ደጋግሞ እንዲሞክር ለማበረታታት ነው። ትምህርቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም ታሪኩ በዚህ ብቻ ከተወሰነ ሌሎች ሁለት ቁም ነገሮች ይዘነጋሉ።

የመጀመሪያው፣ ቤተ ክርስቲያን የልጁን መውደቅ አለመደበቋ ነው። ስንክሳሩም ገድሉም የቅዱሱን ክብር ሲናገሩ፣ ትምህርት ያልገባው፣ የተሳቀበት፣ የተገረፈና የሸሸ ልጅ እንደ ነበረ አብረው ይናገራሉ። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች የጀግናቸውን ልጅነት ከወዲሁ ያሳምሩታል። በዚህ ታሪክ ግን ውርደቱ እንዳለ ተቀምጧል። ለወደቀ ተማሪ የሚሆን መጽናኛም ከዚህ ይጀምራል። በፈተና መውደቅ ከቅዱሳን ማኅበር የሚያወጣ ኃጢአት፣ ከቤተሰብም የሚያስወጣ ነውር እንዳልሆነ የቅዱሱ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው።

ሁለተኛው፣ ልጁ ዕረፍት ያገኘው ማንም በማይገሥጸው ሥፍራ መሆኑ ነው። ከዛፉ ሥር መምህር አልነበረም፤ ባልንጀራም አልነበረም፤ ደረጃ የሚያወጣለት፣ ከሌላ ልጅ ጋር የሚያወዳድረውም አልነበረም። ፈጣሪው በዚያ ጸጥታ ውስጥ በአንዲት ትል አማካይነት አስተማረው። ልብ የሚያስበው ጸጥታ ሲያገኝ ነው። ዛሬ በፈተና ሰሞን ለልጁ ጥቂት ጸጥታ የሚሰጥ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደር የሚቆጠብ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር ብቻውን ተቀምጦ እንዲያርፍ የሚፈቅድለት ቤተሰብ የማይ ኪራሕን ዛፍ ጥላ ለልጁ ተከለለት ማለት ነው።

የተመላሹ አቀባበል

ያሬድ ከአጎቱ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ለመነ፤ እንደ ፈቀዱትም እንዲያስተምሩት ጠየቀ። መምህር ጌዴዎን ተቀበሉት። ልጁም በእንባ ወደ እግዚአብሔር ይጸልይ ነበር። ከዚህ በኋላ አእምሮው ብሩህ ሆነለት፤ የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍትንም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተምሮ አጠናቀቀ። ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለም ዲቁና ተቀበለ።

በዚህ ክፍል የሃይማኖት መጽናናት በምን መንገድ እንደሚሠራ ማስተዋል ይገባል። ያሬድ ጸለየ፤ ደግሞም ተማረ። ጸሎቱ ትምህርቱን አላስቀረለትም፤ ለትምህርቱ የሚሆን ልብ ሰጠው እንጂ። ቀድሞ ፍርሃት የያዘው አእምሮ ፍርሃቱ ሲወገድለት የተነገረውን መያዝ ቻለ። የልጁ መመለስም ብቻውን አልበቃም፤ የሚቀበለው ሰው መኖር ነበረበት። ጌዴዎን የሸሸውን ልጅ በሩን ዘግተው ቢመልሱት ኖሮ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የምትኮራበት ዜማ ምን ይሆን ነበር?

በየቤቱ የሚታየውን አንድ ልማድ ከዚህ ጋር ማንሣት ተገቢ ነው። ፈተና ሲቃረብ ብዙ እናቶች ስለ ልጃቸው ስለት ይሳላሉ፤ ጧፍ ያበራሉ፤ ጠበል ያስጠምቃሉ። ይህ የእናት ርኅራኄ ሥራ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ስለቱ ለልጁ ሲነገረው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ዓይነት ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ፣ የሚያስብለት አምላክና የምትጸልይለት እናት እንዳለችው ያስረዳዋል። ሁለተኛው ዓይነት ግን ልጁ ቢወድቅ እናቱን ብቻ ሳይሆን የተሳለችለትን ቅዱስ ጭምር እንዳሳፈረ ያስመስልበታል። በዚህ ጊዜ መጽናኛ የነበረው ሃይማኖት ራሱ ሌላ ሸክም ሆኖ በልጁ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የንስሓ አባቶችም ቢሆኑ በዚህ ሰሞን ወደ ልጆቻቸው ቤት ሲገቡ ከምክራቸው አስቀድመው የልጁን ጭንቀት ቢጠይቁ መልካም ነው።

ካልተጠበቀበት ስፍራ የመጣ ጸጋ

ያሬድ የተማረው መጻሕፍትን ነበር። ከእርሱ ይጠበቅ የነበረውም እንደ አጎቱ የመጻሕፍት መምህር መሆን ነው። ስሙን ለዘላለም ያስጠራው ግን ዜማ ሆነ።

ትውፊቱ እንደሚያስረዳው ከዔደን ገነት በተላኩ ሦስት አዕዋፍ አምሳል ጸጋው ተገለጠለት። በሰው ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ነጥቀው ወሰዱት። በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ወደ ምድር ሲመለስም በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ የሰማውን ከፍ ባለ ድምፅ አዜመ። በአክሱም የሚገኘው ሙራደ ቃል የተባለው ሥፍራም የቃል መውረጃ የሚል ስያሜውን ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ንጉሡና ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ድምፁን ሰምተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰበሰቡ፤ ቀኑን ሙሉም ሲሰሙት ዋሉ ይባላል።

ዜማው በሦስት ስልቶች የተከፈለ ነው። እነዚህም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ሊቃውንቱ በሦስትነታቸው ምሥጢረ ሥላሴን ይመሰክሩባቸዋል። ግዕዝ ጠንካራና ቀጥተኛ ዜማ ሲሆን፣ ዕዝል ለስለስ ያለ ነው። አራራይ ደግሞ የሚያሳዝንና ልብን የሚያባባ ነው። ቅዱስ ያሬድ አምስት የዜማ መጻሕፍትን እንደ ደረሰ ይታመናል። እነርሱም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ድጓ ዓመቱን በሙሉ የሚያዳርስ ሲሆን ዮሐንስ፣ አስተምህሮና ፋሲካ ተብሎ ይከፈላል። ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም ነው። ዝማሬ ከቅዱስ ቁርባን ጋር የተያያዘ ነው። መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን ጸሎት የሚዜም በመሆኑ፣ ሐዘን የደረሰበት ክርስቲያን ሁሉ የሚጽናናበት ዜማ ነው። ለእመቤታችን የሚቀርበው አንቀጸ ብርሃን የተሰኘው ምስጋናም የእርሱ ድርሰት ነው።

የዜማው ምልክቶች ዛሬ በምናውቃቸው ሁኔታ ተደራጅተው በመጻሕፍት ላይ የተቀመጡት በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተባሉት ስምንቱ ምልክቶች በጌታችን ሕማማት ይመሰላሉ። ይዘት መያዙን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ሒደትና ርክርክ የደሙን መፍሰስና መንጠባጠብ ያስታውሳሉ። በልጅነቱ የተገረፈው ያሬድ የደረሰው ዜማ የግርፋትን ሰንበር በምልክትነት ይዞ መገኘቱ፣ መከራ ወደ ምስጋና ሊለወጥ እንደሚችል ለሚያስተውል ሰው ብዙ ይነግረዋል።

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን እንመለስ። አጎቱ ያሬድን የመዘኑት ቃልን በመያዝ ነበር። በዚያ ሚዛን ልጁ ቀለለ። የተሰጠው ጸጋ ግን በዚያ ሚዛን የሚመዘን አልነበረም። ዛሬም በየቤቱ የሚነሣው ክርክር ከዚህ የራቀ አይደለም። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የባንክ ባለሙያ የሚሉት ስሞች ገና በለጋነቱ ልጁ ላይ ይለጠፋሉ። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በሥራ ላይ የዋለው የ70 በ30 የቅበላ ምጣኔ አብዛኛውን የዩኒቨርስቲ ቦታ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ መስኮች የሰጠ በመሆኑ፣ ታሪክ ወይም ቋንቋ የሚወድ ተማሪ በቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ዕቅድ ጭምር ወደ ሌላ መስክ የተገፋበት ዘመን ነበር። የሥራ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ወላጅ ልጁ የሚበላው እንዲያገኝ ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ ምን ጸጋ እንደ ተሰጠው ሳይመረምሩ መንገዱን መቁረጥ፣ ያሬድን ዳዊት አልያዝክም ብሎ ለሁልጊዜ ከማባረር አይለይም።

የንጉሡ ጦር

ቅዱስ ያሬድ በሙሉ ሰውነቱ ያገለገለው በዐፄ ካሌብ ልጅ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ነው። ንጉሡ ዜማውን እጅግ ይወዱ ስለ ነበር ሊቁ ከአጠገባቸው እንዲርቅ አይፈልጉም ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው ከንጉሡ ጋር ብዙ ሥፍራዎችን ጎብኝቷል። ወደ ጣና ቂርቆስ ደሴት ሄዶ ቆይቷል። በጋይንት ምድር በምትገኘው በዙር አምባም ዝማሬንና መዋሥዕትን አስተምሯል።

ከዕለታት አንድ ቀን ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ያዜም ነበር። ንጉሡም ጦራቸውን ተደግፈው ቆመው ያዳምጡ ነበር። በዜማው ጣዕም ከመመሰጣቸው የተነሣ የጦሩ ጫፍ በሊቁ እግር ላይ ማረፉን ንጉሡ አላወቁም። ሊቁም መወጋቱ አልተሰማውም። ደሙ እየፈሰሰ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ሁለቱም አላስተዋሉም። በኋላ ንጉሡ ያደረጉትን አይተው እጅግ ደነገጡ፤ ጦሩንም ነቅለው ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ የሚሆን የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቅ በቃል ኪዳን ነገሩት። ቅዱስ ያሬድ ወርቅ አልጠየቀም፤ ሹመትም አልጠየቀም። ወደ ገዳም ሄዶ በጾምና በጸሎት እንዲኖር እንዲያሰናብቱት ለመነ። ንጉሡ እጅግ አዘኑ። ሊቁ ከእርሳቸው እንዲለይ አልፈለጉም። ቃላቸውን ግን አላጠፉም፤ አሰናበቱት።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በብዛት የሚሣለው ሥዕል ይኸው ነው። ንጉሡ ጦራቸውን ይዘው፣ ቅዱሱ በጦሩ ሥር እግሩ እየደማ፣ ደቀ መዛሙርቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ይታያሉ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ በዜማው ኃይል ይደነቃል። ከሥዕሉ የምናገኘው ሌላም ትምህርት አለ። የሚወድ ሰው ሳያውቅ ሊወጋ ይችላል። ንጉሡ ሊቁን የጠሉት ጠላት አልነበሩም፤ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ነበሩ። የወጉትም በፍቅር እንደ ተመሰጡ ነው። ታላቅነታቸው የታየው ደሙን ባዩ ጊዜ ባደረጉት ነገር ነው። የልጁን ችሎታ እየወደደ ሳያውቅ የሚጫነው ወላጅም ደሙን ባየ ጊዜ ጦሩን ሊነቅል ይገባዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ዝም ያለ፣ ከቤት ለመሸሽ የሚያስብ ልጅ እግሩ እየደማ የቆመ ልጅ ነው።

እንደዚሁም ሁሉ ንጉሡ ሊቁ የመረጠውን መንገድ ሳይወዱት ፈቀዱለት። በቤተ መንግሥት የሚያገኘው ክብር በሰው ዓይን ከገዳም ኑሮ የሚበልጥ ነበር። ሆኖም ጥሪው የእርሱ እንጂ የንጉሡ አልነበረም። አጎቱ የተመለሰውን ልጅ ተቀበሉ፤ ንጉሡ የሚሄደውን ሰው አሰናበቱ። በቅዱስ ያሬድ ሕይወት ውስጥ የነበሩት እነዚህ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ለወላጅነት ሁለት ምሳሌዎች ሆነው ይቆጠራሉ።

የስሜን ብሕትውና

ቅዱስ ያሬድ ከንጉሡ ከተሰናበተ በኋላ አክሱም ጽዮንን ተሳልሞ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ። ብርዱ በሚያንቀጠቅጠው በዚያ አገር በጾምና በጸሎት እየተጋ፣ ደቀ መዛሙርትንም እያስተማረ ኖረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በተወለደ በ66 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን በስሜን መሰወሩን ስለምታምን መቃብሩ በዚህ ነው አይባልም።

ሊቁ ከሄደ በኋላ ዜማው በደቀ መዛሙርቱ አፍ ላይ ቀረ። ጦርነትና ቃጠሎ ብዙ መጻሕፍትን ባጠፋበት ዘመን ሁሉ ዜማውን የጠበቀው የተማሪው ልብ ነው። ዛሬም በደቡብ ጎንደር ጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ጉባኤ ነች። የጎንደር ሊቃውንት ደግሞ በአቋቋሙ ይታወቃሉ። ድጓን ለመዝለቅና ለመምህርነት ለመብቃት ረጅም ዓመታት ይፈጃል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ እየለመነ፣ ከቤቱ ርቆ የሚማረው ይህንኑ ነው። ማኅበራዊ ክብር ወይም ደመወዝ ብቻ መመዘኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ትምህርት ከብዙ ዘመን በፊት በጠፋ ነበር። በየዓመቱ የምናከብራቸው መስቀልና ጥምቀት በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ፣ በበዓላቱ የሚሰማው የሊቁ ዜማ አብሮ ክብር አግኝቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በስሙ ተጠርቷል። ዳዊት መያዝ አቅቶት በተሳቀበት ልጅ ስም ዛሬ ትምህርት ቤት ተሰይሟል።

ለዘመናችን ተማሪና ቤተሰብ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በቅርብ ዓመታት ብዙ ቤተሰብ አሳዝኗል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቆ ነበር። ይህ ማለት ከመቶ ተማሪ ከዘጠና ስድስት የሚበልጡት ወደ ቤታቸው የተመለሱት ያሬድ ከአክሱም ሲወጣ በነበረው ልብ ነው ማለት ነው። ከነዚህ መካከል ለጥቂቶቹ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ዳግመኛ በር ከፍቶላቸዋል። ሌሎቹም በሙያና ቴክኒክ ተቋማት፣ በንግድ፣ በእጅ ሥራ መንገዳቸውን ፈልገዋል። ችግሩ የአንድ ልጅ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ ባልሆነ ነበር። የትምህርቱ ጥራት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የሰላም መጥፋትም ድርሻ እንዳላቸው ግልጽ ነው። ስለሆነም ቤተሰብ የአገርን ጉድለት ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ጭኖ ሊወቅሰው አይገባም።

ይህ ሲባል ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ይቀመጥ፣ ጸጋዬ ሌላ ነው እያለ ከድካም ይሽሽ ማለት አይደለም። ትሏ ሰባተኛውን ጊዜ የወጣችው በስድስቱ ውድቀት ግንዱን ለምዳው ነው። ያሬድም ዜማ የተሰጠው ጥሎት የሸሸውን ትምህርት ተመልሶ ከጨረሰ በኋላ ነው። መጻሕፍቱን ባያውቅ ኖሮ የሚያዜመው ቃል ባልኖረው ነበር። አልወደውም ያለው ትምህርት ለተወደደው ጸጋ መሠረት ሆነለት። ስለዚህ ተማሪው የዛሬውን ድርሻ በትጋት ይፈጽም፤ ወላጅም የነገውን ለመወሰን አይቸኩል።

የሃይማኖት መጽናናት ውጤት አስቀድሞ ዋስትና የሚሰጥ ውል አይደለም። የጸለየ ሁሉ የፈለገውን የትምህርት ክፍል አያገኝም፤ ስለት የተሳለ ሁሉም አያልፍም። ሃይማኖት ለተማሪው የምትሰጠው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ነው። ቢያልፍም ቢወድቅም በፈጣሪው ዘንድ ዋጋው እንደማይለወጥ ትነግረዋለች። ይህን ያመነ ልጅ ፈተናውን ያለ መንቀጥቀጥ ይቀመጣል፤ ቢወድቅም ወደ ቤቱ ለመመለስ አይፈራም። ቤተሰቡም ይህንኑ ካመነ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

በዛሬው ዕለት በየአጥቢያው በሚቆመው ማኅሌት፣ በዓለም ባንክም ሆነ በሌላው የከተማችንና የአገራችን ክፍል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቢገኙ መልካም ነው። ከማኅሌቱ በኋላም በማዕድ ዙሪያ፣ ስለ ውጤት ከመጠየቅ አስቀድመው፣ ልጃቸው ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስፈራው ይጠይቁት። መልሱንም ሳያቋርጡ ይስሙት።

የሊቁ የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። መልካም በዓል።